ቲማቲም ስንት ኪሎ ልግዛ? በባዶ ሳጥንና በበሰበሰ ሳጥን መካከል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጀሞ አካባቢ አትክልት ቤት ከከፈተች 8 ወር የሆናት እህት እንዲህ ትላለች፦ «ቲማቲም ብዙ ሳመጣ ይበሰብስብኛል። ቀንሼ ሳመጣ ደግሞ ቶሎ ያልቅና ማታ ከሥራ የሚመለሰው ደንበኛ ባዶ እጁን ይሄዳል። ባለቤቴ ‹ብቻ እንዳያልቅ› ይለኛል። ትርፌ ከፍ እንዲል በቀን ስንት ኪሎ ልግዛ? አንዳንዴ ደግሞ ገበያው ላይ ራሱ ይጠፋል። ያኔ ያለችኝን ለማን ልሽጥ? ሁዳዴ ሲገባ ወተት ልጀምርም አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አትክልትና ፍራፍሬ አቅርቦት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህን ጥያቄ ከትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም ሰምቼዋለሁ። ብዙዎቹ እንዳንቺ ጥርት አድርገው አልጠየቁኝም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ደብተርና ካልኩሌተር አጠገብሽ ይሁን።

ከባለቤትሽ ልጀምር። «እንዳያልቅ» ማለቱ ለሱቁ አስቦ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ላይ ከዚህ የበለጠ ውድ ትእዛዝ የለም። ስኳር ወይም ዘይት ቢሆን ልክ ነበር፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። ቲማቲም ግን ማታ ሲተርፍ ግማሽ ዋጋው አብሮ ሄዷል። ጥሩ የሚያተርፍ አትክልት ቤት አንዳንድ ቀን ማለቅ አለበት። ጥያቄው በየስንት ቀኑ ይለቅ የሚለው ነው፣ ያ ደግሞ በስሌት የሚገኝ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ኪሎ ቲማቲም በትክክል ስንት እንደሚያስወጣሽ ማወቅ አለብን። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምወስዳቸው፣ የራስሽን ተኪባቸው። ኪሎውን በ40 ብር ገዛሽ እንበል። ለጫኝና አውራጅና ለጋሪ በኪሎ 3 ብር ሄደ። ሱቅ ደርሰሽ ሳጥኑን ስትዘረግፊ ደግሞ ከ100 ኪሎው ወደ 8 ኪሎ የሚሆነው ከታች ተጨፍልቋል። እንግዲህ 4,300 ብር አውጥተሽ ለሽያጭ የደረሰልሽ 92 ኪሎ ነው። አንዱ ኪሎ 47 ብር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። በ60 ስትሸጪው ትርፉ 20 ብር ይመስልሻል፣ እውነቱ ግን 13 ብር ነው። (የመኪና ኪራይሽ ሙሉም ብትጭኚ ጎዶሎ ያው ከሆነ እዚህ ውስጥ አታስገቢው። እሱ ከቤት ኪራይ ጋር የሚቆጠር ነው፣ «አንድ ኪሎ ልጨምር ወይስ ይቅር» የሚለውን ውሳኔ አይነካም።)

አሁን ሁለት ቁጥር እንፈልጋለን። አንደኛው፣ አንድ ኪሎ ቢተርፍ ስንት አጣለሁ? የላላውን ቲማቲም በማግስቱ ለምግብ ቤት ለስጎ በ25 ብር ትሰጪዋለሽ እንበል። 47 ያወጣሽበት በ25 ሄደ፣ ስለዚህ 22 ብር አጣሽ። ሁለተኛው፣ አንድ ኪሎ ቢጎድል ስንት አጣለሁ? 13 ብር ትርፍ ቀረ። ይህ ብቻ ግን አይደለም። ቲማቲም አጥቶ ሽንኩርቱንም ቃሪያውንም ሳይገዛ ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚሄድ ደንበኛ አለ። እሱን አንድ ሳምንት ቁጠሪው። ቲማቲም አልቆ ከጠየቁሽ 10 ሰዎች ሁለቱ ምንም ሳይገዙ ከወጡ፣ የእያንዳንዳቸው ዘንቢል ደግሞ 25 ብር ያተርፍልሽ ከነበረ፣ በጠያቂ 5 ብር ይደርሳል። አንድ ሰው በአማካይ አንድ ኪሎ ይገዛል ብለን ከያዝን፣ የመጉደል ዋጋ 13 ሲደመር 5፣ 18 ብር ሆነ።

ሁለቱን አስተያያቸው። ቢጎድል 18፣ ቢተርፍ 22። 18ን ለሁለቱ ድምር ለ40 አካፍዪ፣ 0.45 ይመጣል። ይህች ቁጥር ናት የሱቅሽ ቁልፍ። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ከ100 ቀን በ45ቱ ቲማቲሙ ለሁሉም ይበቃል፣ በ55ቱ ቀን ከመዝጊያ በፊት ያልቃል፣ ትርፍሽ ከፍ የሚለውም ያኔ ነው። እንዴት ብትይ፣ እያንዳንዷን ተጨማሪ ኪሎ ለብቻዋ አስቢያት። ከተሸጠች 18 ታመጣለች፣ ከተረፈች 22 ትወስዳለች። የመሸጥ ዕድሏ ከመትረፍ ዕድሏ በዚያው ልክ እስከበለጠ ድረስ ጨምሪ፣ ከዚያ ቁሚ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኤጅዎርዝ የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው በ1888 እ.ኤ.አ. ባንክ ለወጪ ስንት ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይቀመጥ ብሎ ሲያሰላ ያነሳው ነው። በኋላ «የጋዜጣ ሻጩ ጥያቄ» ተባለ፣ የትናንት ጋዜጣ ማንም ስለማይገዛ።

ግን 0.45ን ይዘሽ ስንት ኪሎ ትገዢያለሽ? እዚህ ጋ ደብተር ያስፈልጋል። 10 ተራ ቀናት ወስደሽ ስንት ኪሎ እንደተፈለገ ጻፊ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪው። ለምሳሌ 38፣ 42፣ 45፣ 47፣ 50፣ 54፣ 57፣ 60፣ 66፣ 75 መጣ እንበል። 0.45ን በ10 ስታባዢው 4.5 ነው፣ ወደ ላይ አጠጊው፣ አምስተኛው ላይ ያርፋል። 50 ኪሎ። በቃ፣ መልሱ ይህ ነው። (50 ጥሩ ኪሎ ሱቅ እንዲደርስ ከገበያ 54 ኪሎ ገደማ ትገዢያለሽ፣ የሚጨፈለቀውን አትርሺ።) የ10ሩ ቀን አማካይ ወደ 53 ነው፣ እኛ ግን ከአማካዩ በታች ገዛን። መትረፉ ከመጉደሉ ስለሚብስ ነው።

አላመንሽኝም ይሆናል፣ ባለቤትሽም አያምንም። ስለዚህ በእነዚያው 10 ቀናት ላይ እንሞክረው። ቀን በቀን 50 ኪሎ ብታመጪ በጠቅላላው 472 ኪሎ ትሸጫለሽ፣ 28 ኪሎ ይተርፋል፣ 62 ኪሎ ፈላጊ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሁሉንም ቆጥረን፣ የሄደውን ደንበኛ ዘንቢል ጭምር ቀንሰን፣ 5,210 ብር ትርፍ ነው። ባለቤትሽ እንዳለው በፍጹም እንዳያልቅ 75 ኪሎ ብታመጪ ደግሞ አንድም ሰው ባዶውን አይመለስም፣ 534 ኪሎውም ይሸጣል፣ 216 ኪሎ ግን ለስጎ ይሄዳል። ትርፉ 2,190 ብር። እስኪ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳዪው። ልፋቱ ያው ነው፣ እንዲያውም 75 ኪሎ መልቀም ይብሳል፣ ትርፉ ግን ከግማሽ በታች ወረደ።

ሌላ የሚያሳርፍ ነገር ልንገርሽ። በ47 ኪሎ ብትሠሪ 5,150፣ በ54 ብትሠሪ 5,130 ነው የሚመጣው። ከ50ው ጋር ያላቸው ልዩነት በ10 ቀን ከ100 ብር አይበልጥም። ስለዚህ በሦስትና በአራት ኪሎ አትጨነቂ። አካባቢው ላይ ካረፍሽ በቂ ነው። የሚያከስርሽ በጣም ርቆ መሄድ ነው።

ደብተሩ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ልምድ ያለው ሰው ሁሉ ይወድቅበታል። «ትናንት 30 ኪሎ ሸጥኩ» ማለትና «ትናንት 30 ኪሎ ተፈለገ» ማለት አንድ አይደለም። 30 ኪሎ አምጥተሽ በ10 ሰዓት ካለቀ፣ የተፈለገው ከዚያ በላይ ነበር፣ አላየሽውም እንጂ። የሸጥሽውን ብቻ እየጻፍሽ በሱ ላይ ከገዛሽ በየሳምንቱ እያነሰ እያነሰ ይሄድና ሱቁ ይደርቃል። ሠፈሩ ቲማቲም የማይበላ ይመስልሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባለቀ ቀን ያለቀበትን ሰዓት ጻፊ። ከዚያ ያላለቀባቸውን ቀናት እይ። እስከ 10 ሰዓት የሚሸጠው የቀኑ ግማሽ ያህል ከሆነ፣ በ10 ሰዓት 30 ኪሎ ያለቀበት ቀን ፍላጎቱ 60 አካባቢ ነበር ማለት ነው። 60 ብለሽ ጻፊው። የአንቺ ደንበኛ ከሥራ መልስ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ስለሚበዛ ይህ ማስተካከያ ላንቺ ከማንም በላይ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ረቡዕንና ማክሰኞን አንድ ደብተር ላይ አትቀላቅዪ። እኛ አገር የአትክልት ፍላጎት በካላንደር ነው የሚሄደው። ረቡዕና ዓርብ ለብቻ። የሁዳዴ 55 ቀናት ለብቻ። ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም እንደዚያው። የፋሲካ ዋዜማ ቀይ ሽንኩርት ለዶሮው ይዘረፋል፣ ቲማቲም ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ረመዳን ሲሆን ሙስሊም ደንበኞችሽ ማፍጠሪያው ሳይደርስ ይመጣሉ፣ የሽያጭ ሰዓትሽ ራሱ ይቀየራል። ደመወዝ የወጣ ሰሞንም ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ቀን ከ10 በታች ካለሽ ባለሽ ሥሪ፣ ከምንም ይሻላል። በየሳምንቱ አንድ ረቡዕ ይጨመርልሻል።

ስሌቱ በየዕቃው ይለያያል። ቀይ ሽንኩርትና ድንች ዛሬ ቢተርፉ ነገም ያው ናቸው፣ የመትረፍ ዋጋቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ የባለቤትሽ ምክር ይሠራል፣ እንዳያልቁ አድርጊ። ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ከቲማቲምም ይብሳሉ። በማግስቱ ለማንም አይሰጡም። እነሱን በጣም አጥብቀሽ ግዢ፣ እኩለ ቀን ላይ ቢያልቁም አትደንግጪ። ካሮትና ጥቅል ጎመን መሃል ላይ ናቸው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቁጥሮቹ ባሉበት ይቆማሉ ብለን ነው። ትልቁ ትርፍ ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን በመለወጥ ይመጣል። 22ቷን ብር እንቀንሳት።

ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ጉሊት የምትሸጥ እናት ነበረች። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድራ ነበር የምትሸጠው። አመሻሽ ላይ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ትለየዋለች። ጠንካራው ለነገ ወደ ዘንቢል ይመለሳል። የላላው መደቡ ላይ ይጨመራል። የመደቡ ዋጋ አይቀንስም፣ መደቡ ግን ይተልቃል። አራት የነበረው ስድስት፣ ከዚያ ሰባት ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርግ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው በትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙው ነገር እዚያች ጆንያ ላይ ነበር። ዋጋውን ብትቀንስ ሁሉም የቀን ደንበኛ ማታን ይጠብቅ ነበር። ደግሞ የላላውን ከጠንካራው አለየችም እንዳይመስልሽ፣ ቀድማ ለይታዋለች።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። አሮጌና አዲስ ቲማቲም በአንድ ሳጥን በአንድ ዋጋ ካስቀመጥሽ ደንበኛ እጁን ሰዶ ትኩሱን ይለቅማል፣ አሮጌው ሥር ይቀራል፣ በማግስቱ ይጣላል። ለይተሽ የላላውን ብቻ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በ45 ብር አቅርቢው፣ የጠንካራው ዋጋ አይነካ። ለወጥ የሚፈልገው እሱን ነው፣ ለሰላጣ የሚፈልገው ጠንካራውን። ከሚተርፈው ግማሹ እንኳ በ25 ፈንታ በ45 ከሄደ የመትረፍ ዋጋሽ ከ22 ወደ 12 ይወርዳል። 18ን ለ30 ስታካፍዪ 0.6 ይሆናል። በዚያው ደብተር ስድስተኛው ቁጥር 54 ነው። አየሽ፣ የላላውን በሥርዓት ስለሸጥሽ ብቻ ብዙ ቲማቲም መያዝ ቻልሽ፣ የሚያልቅብሽም ቀን ቀነሰ።

ስትገዢም ቅይጥ ግዢ። ለዛሬ የደረሰ፣ ለነገ ቀላ ያለ፣ ለተነገ ወዲያ ጥሬ የሚል። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ቲማቲም ብዙ ጊዜ ሳጥኑን ከፍተሽ ካየሽው ደረጃው የተለያየ ነው፣ ነጋዴው ሲቸኩል አትቸኩዪ። ከላይ ያለውን ብቻ አይተሽ አትክፈዪ፣ እጅሽን ወደ ታች ስደጂ።

ስለ አቀማመጥ ባጭሩ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር አትክልት የሚተነፍስበት ፍጥነት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ዕድሜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ሳጥኑን ከበር ላይ ፀሐይ አንሺው፣ በር ላይ ለዓይን የሚሆን ጥቂት በቂ ነው። ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። ከ10 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይሞታል፣ ሲወጣም ቶሎ ይፈርጣል። ሙዝም ከ13 ዲግሪ በታች ይጠቁራል። የበሰለ ሙዝና አቮካዶን ከሰላጣና ከጎመን አርቂ፣ ከነሱ የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅጠላ ቅጠሉን በረጠበ ጆንያ መሸፈን ጥሩ ያቀዘቅዛል። በክረምት ግን እርጥበቱ ሻጋታ ነው የሚያመጣው፣ ተዪው።

ሌላው ትልቅ ነገር ሁለት ጊዜ መቀበል ነው። የቀንሽ ግማሽ ሽያጭ ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ማታ የሚፈለገውን ከጠዋቱ ለምን ትገምቺያለሽ? ጠዋት 35 ኪሎ ብቻ ያዢ። 8 ሰዓት ላይ ሳጥኑን አይተሽ ቀኑ ሞቅ ያለ ከሆነ የምታውቂው ነጋዴ በባጃጅ 20 ኪሎ ይላክልሽ፣ ቀዝቀዝ ካለ ይቅር። በኪሎ 3 እና 4 ብር ቢጨምርብሽ እንኳ አስቢው፣ ከ22 ብር ኪሳራ ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ተስማሚ። ያንቺ ሲያልቅ ልጁን ልከሽ 5 ኪሎ፣ ኪሎውን በ50 ብር፣ ከሱ ትወስጃለሽ፣ የሱ ሲያልቅ ካንቺ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ሁለታችሁም በአንድ ቀን አያልቅባችሁም፣ በአንድ ቀንም አይተርፋችሁም። ጎረቤትን እንደ ተፎካካሪ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ገንዘብ መሬት ላይ ነው የሚተወው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፣ ገበያው ላይ ራሱ ሲጠፋ። ክረምት ላይ ዝናቡና በሽታው ቲማቲሙን ሲመታው፣ መንገድ ሲበላሽ ሁሌ ያለ ነገር ነው። ሰው በዚያን ጊዜ የሚያደርገው ምንድነው? ሲያገኝ ይሻማል፣ «ነገ ይወደዳል» ብሎ ብዙ ይጭናል። እስኪ እንቁጠረው። በ70 ብር ገዛሽ፣ ከጫኝና ከተጨፈለቀው ጋር 79 ብር ደረሰ። ደንበኛ እንዳይቆጣ ብለሽ በ90 ሸጥሽ። ትርፉ 11 ነው፣ ከዘንቢሉ 5 ጋር 16። የላላው በ40 ቢሄድ የመትረፍ ኪሳራው 39። 16ን ለ55፣ 0.29። ደብተርሽ ላይ ሦስተኛው ቁጥር ነው፣ 45 ኪሎ። ያውም ሰው በ90 ብር እንደ ድሮው አይገዛም፣ ፍላጎቱ ራሱ ወርዷል፣ ስለዚህ ከ45ም በታች ነው። በውድ ጊዜ አሳንሰሽ ግዢ። ቲማቲምን ደብቆ የሚያቆይ ሰው ቲማቲሙ ነው የሚቀጣው፣ ሽንኩርት አይደለም።

ያለችሽን ለማን ትሸጪ? በጠዋት ምግብ ቤቱ መጥቶ «ያለሽን በሙሉ በ82 ስጪኝ» ቢልሽ፣ ማታ ደግሞ በ90 የሚገዛ ሠፈርተኛ አለሽ። የምግብ ቤቱ እጅ በእጅ ነው፣ የማታው ግን ላይመጣ ይችላል። እንዲህ ወስኚ፦ ማታ ስትሸጪው ከዘንቢሉ ጋር 95 ነው፣ ከተረፈ 40። አሁን ከሸጥሽው 82። ከ40 በላይ ያለውን ብቻ ብናይ 42 ለ55 ነው፣ 0.76። ስለዚህ ማታ ከ10 ቀን ቢያንስ በ8ቱ የሚሸጥልሽን ያህል ኪሎ አስቀምጪ፣ የቀረውን ለምግብ ቤቱ ስጪ። ከ10 ቀን በ8ቱ ማታ ከ15 ኪሎ የማያንስ የምትሸጪ ከሆነ 15ቱ አይነካ። አየር መንገዶች መጨረሻ ላይ በውድ ለሚመጣ መንገደኛ ወንበር የሚያስቀምጡት በዚሁ ሕግ ነው። የእንግሊዙ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. አየር መንገድ ባልደረባ ሊትልዉድ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው።

ለሠፈርተኛው ደግሞ በሰው ግማሽ ኪሎ ብለሽ ወስኚ። እኔ ይህን ዋጋውን ሰማይ ከመስቀል አስበልጬ እወደዋለሁ። በጠፋ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ያገኘች እናት ምንም ካላገኘች ይልቅ በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች። ዋጋውን ግን ከነጭራሹ አትቆልፊው። 79 የወጣበትን በ80 እየሸጡ ደግ መሆን ሱቅ ያዘጋል። «በ70 ገዝቼው ነው» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ለቋሚ ደንበኛ ከቆጣሪው ሥር ኪሎ ደብቀሽ የምታስቀምጪም ከሆነ ሌላው ፊት አታውጪው፣ የቀረው ሰው ይከፋዋል።

ወተቱ ቀረ። እህቴ፣ ሁዳዴ ሲገባ ወተት አትጀምሪ። ደንበኛሽ ብዙው ጿሚ ከሆነ 55 ቀን ወተት አይገዛም። የሕፃናትና የማይጾመው ሰው ግዢ ይኖራል፣ ግን ገና ባልተለመደ ሱቅ ላይ እሱ ብቻውን አያቆምሽም። ሁዳዴ የአትክልት ወራት ነው፣ ገንዘብሽንም ጉልበትሽንም እዚያ አድርጊ። ወተቱን ከፋሲካ ማግስት ጀምሪው። ስትጀምሪ በመጀመሪያ አከፋፋዩን የምትጠይቂው «ያልተሸጠውን መልሰህ ትወስዳለህ?» ብለሽ ነው። ከወሰደ የመትረፍ ዋጋሽ ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ደህና አድርገሽ ያዢ። ካልወሰደ ለማዳረስ አትሞክሪ። ጥሬ ወተት ከገበሬ የምትቀበዪ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያልተሸጠው እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ ከተረፈው አይብ ይሠራል፣ ስለዚህ በጅሽ ላይ አይሞትም። የሚናጥበት ቤትና ሰው ካለሽ ትንሽ ጨመር አድርገሽ መያዝ ትችያለሽ። ብቻ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ እንዳይውል፣ ያለ ፍሪጅ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሽያጩ ጥሩ ይሆንልሻል። የዚያን ጊዜ ደብተር ግን ለብቻው ይቀመጥ። ጰራቅሊጦስ ካለፈ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብም ይመለሳሉ። አከፋፋይሽን ያ ሳምንት ከመግባቱ በፊት «ከሰኞ ጀምሮ ቀንስልኝ» በዪው።